ፊልሙ የዘለላቸው ገጾች



ስለ ታላላቅ መጻሕፍትና ከእነሱ ስለተሠሩ ፊልሞች ጨዋታ ሲነሣ፣ ብዙውን ጊዜ ክርክሩ «የቱ ይበልጣል?» በሚለው ይጀምርና እዚያው ላይ ይቆማል። አንዱ መጽሐፉን ያወድሳል፣ ሌላው ለፊልሙ ይሟገታል፣ ማንም ማንንም ሳያሳምን ወሬው ይለወጣል። እኔ ዛሬ ይዤ የመጣሁት ጥያቄ ሌላ ነው። ፊልሙ ከመጽሐፉ ውስጥ ምኑን ተወው? ለምንስ ተወው? ይህን እየጠየቀ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚመረምር ሰው ስለ ደራሲው፣ ፊልሙ ስለተሠራበት ዘመንና ስለ ተመልካቹ ብዙ ይማራል ብዬ አምናለሁ።

ዋና ምሳሌዬ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቼል የጻፈችው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ነው። እኛ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚለው ርዕስ እናውቀዋለን። መጽሐፉ ወደ አማርኛ የመጣው ከእስር ቤት ነው። ኋላ የ«አዲስ አድማስ» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ የሆነው ገጣሚ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን የፖለቲካ እስረኛ ነበር። በዚያ የእስር ጊዜ ይህ መጽሐፍ እጁ ገባ። መጻፊያ ወረቀት ስላልነበረ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚገኘውን ስስ ወረቀት እየሰበሰበ በደቃቅ ፊደል ተረጎመው፤ የተረጎመውንም ለእስረኛ ጓደኞቹ ያነብላቸው ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩት ቁርጥራጮች ሲጋራ ፓኮ ውስጥ ተደብቀው፣ በሚፈቱ እስረኞች እጅ ወደ ውጭ ወጡ። ነቢይ ከተፈታ በኋላ ከያሉበት ለቅሞ አሰባሰባቸው፤ መጽሐፍ ሆነው ታተሙ። ነቢይ በ2016 ዓ.ም. አርፏል። ለአማርኛ አንባቢ የተወልን ይህ ሥራ ብቻውን ስሙን ለማኖር ይበቃል።

እነዚያን እስረኞች ብዙ ጊዜ አስባቸዋለሁ። ፊልም አልነበራቸውም፤ ፎቶግራፍ እንኳ አልነበራቸውም። የነበራቸው የአንድ ሰው ድምፅና የየራሳቸው ሐሳብ ነው። ስለ ጆርጂያ ቀይ አፈር ሲነበብላቸው እያንዳንዱ ያሰበው የሚያውቀውን የአገሩን አፈር ሳይሆን አይቀርም። የመሬት ነገር ደግሞ ለዚያ ትውልድ ሩቅ አልነበረም፤ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የወጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። ትልቅ ሥርዓት በአንድ ጊዜ ሲፈርስ፣ የትናንት ባለጠጋ በአንድ ሌሊት ባዶ እጁን ሲቀር በዓይናቸው አይተዋል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስለፈረሰ የመሬት ከበርቴዎች ዓለም የሚተርክ መጽሐፍ በዚያ ክፍል ውስጥ እንግዳ ሊሆን አይችልም ነበር።

እኔም ታሪኩን መጀመሪያ ያገኘሁት በዚሁ ትርጉም ነው፤ ፊልሙን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ትልቅ ለውጥ እንደሚያመጣ የተረዳሁት ፊልሙ ገና ሲጀምር፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስካርሌት ኦሃራ ብቅ ስትል ነው። ሚቼል ልብ ወለዷን የምትከፍተው ስካርሌት ቆንጆ እንዳልነበረች በመናገር ነው። ወንዶቹ በማራኪነቷ ስለሚታወሩ ልብ አይሉትም እንጂ፣ የእናቷ ስስ የፈረንሳይ መልክና የአባቷ ጠንካራ የአየርላንድ መልክ ፊቷ ላይ አይስማሙም። በፊልሙ ግን ስካርሌት የሆነችው ቪቪያን ሊ ናት፤ በዘመኗ ከነበሩት ቆንጆ ሴቶች አንዷ። ትወናዋ እጅግ የሚደነቅ ነው፤ የኦስካር ሽልማቷም ሲያንሳት ነው። ሆኖም ቆንጆ ሴት ወንዶችን ስትማርክ ማየት አንድ ነገር ነው፤ ቆንጆ ያልሆነች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በጉልበቷ፣ በብልጠቷና በእልኋ ሰው ሁሉ ቆንጆ ናት ብሎ እንዲያምን ስታስገድድ ማንበብ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው የበለጠ ስለ ሰው ባሕርይ ያስተምራል። ደግሞም አንድ ጊዜ የቪቪያን ሊን ፊት ያየ ሰው፣ ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ሲያነብ ሌላ ፊት ሊያስብ አይችልም። መጽሐፉን አስቀድሙ የምለው በዋነኛነት ለዚህ ነው።

ሁለቱ ሥራዎች እንዴት እንደተወለዱ ማወቅም ይጠቅማል። ሚቼል አትላንታ ውስጥ በአንዲት ጠባብ አፓርታማ ትኖር የነበረች ጋዜጠኛ ናት። ቁርጭምጭሚቷን ታማ ቤት በዋለችበት ጊዜ መጻፍ ጀመረች፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ አስቀድማ ጻፈች፤ ከዚያ ለዓመታት ብቻዋን፣ ለሰው ሳታሳይ ቀጠለች። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1936 ሲታተም ከ1,000 ገጽ በላይ ነበረ፤ በዓመቱም የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ። ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ሰልዝኒክ መጽሐፉ በታተመ በወሩ ገደማ የፊልም መብቱን በ50,000 ዶላር ገዛ። ሚቼል በስክሪፕቱ ውስጥ እንድትገባ ብትጠየቅ እምቢ አለች። ከዚያ በኋላ ሥራው የብዙ ሰው ሆነ። ስክሪፕቱን ሲድኒ ሃዋርድ ጻፈው፤ ሌሎች ደጋግመው አረሙት፤ ከአራሚዎቹ አንዱ ቤን ሄክት መጽሐፉን ጨርሶ ሳያነብ እንደሠራ ራሱ በትዝታ መጽሐፉ ጽፏል። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ኩከር ቀረጻው በተጀመረ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተነሣ፤ ቪክተር ፍሌሚንግ ተተካ፤ እሱም በድካም ሲወድቅ ሳም ዉድ ለጊዜው ያዘው። ሃዋርድ ፊልሙ ለእይታ ሳይበቃ በእርሻው ላይ በትራክተር አደጋ ሞተ፤ የኦስካር ሽልማቱ የተሰጠው ከሞተ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። መጽሐፉ የአንዲት ሴት ነው፤ ደግነቷም ጥላቻዋም በውስጡ ሳይሸሸግ ይገኛል። ፊልሙ የብዙ ሰው ነው፤ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ሥራ ስለሆነ ማንንም እንዳያስቀይም ተጠንቅቆ የተሠራ ነው። የጠፉት ገጾች የጠፉበት ምክንያት አንዳንዴ የጊዜ ማጠር ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ይህ ጥንቃቄ ነው። ሁለቱን መለየት የአንባቢ ሥራ ነው።

ፊልሙ ወደ አራት ሰዓት የሚጠጋ ነው፤ ሆኖም 1,000 ገጽ አይበቃውም። ስለዚህ ሰዎች ይቀነሳሉ። በመጽሐፉ ስካርሌት ከሦስት ባሎቿ ሦስት ልጆች ትወልዳለች፤ ዌድን፣ ኤላንና ቦኒን። በፊልሙ ያለችው ቦኒ ብቻ ናት። ለማሳጠር ሲባል የተደረገ ነው፣ ልንረዳው እንችላለን። ግን ምን እንደጠፋ ተመልከቱ። አትላንታ ስትቃጠል ስካርሌት በጋሪ ስትሸሽ፣ በመጽሐፉ ትንሹ ዌድ ከጋሪው ላይ በፍርሃት ተኮማትሮ ተቀምጧል። ታራ ከተባለው የአባቷ እርሻ ደርሳ ከባዶ መሬት ጋር ስትታገል፣ እንጀራ ከሚጠብቁት አፎች አንዱ የገዛ ልጇ ነው። ይህ ልጅ እናቱን ይፈራታል። እሷ ለታራ ስትል ሁሉን ስታደርግ፣ ልጇን እቅፍ ለማድረግ ጊዜ አታገኝም፤ ፍላጎቱም የላትም። በመጽሐፉ ውስጥ ከማንም በላይ ልቤን የሚያስጨንቀው ዌድ ነው። ፊልሙ እሱን ሲያስቀር፣ ስካርሌት ከእናትነት ዕዳ ነፃ የሆነች ጀግና ትሆናለች፤ ጀግንነቷ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለና ማን እንደከፈለው አናይም።

ሁለተኛው የጠፋ ሰው ዊል ቤንቲን ነው። ከጦርነቱ አንድ እግሩን አጥቶ፣ በሳንባ ምች ተይዞ ታራ በር ላይ የተጣለ ድሃ ወታደር ነበር። ድኖ እዚያው ቀረ፤ እርሻውንም ቀስ በቀስ ያቀናው እሱ ነው። ብዙ አይናገርም፤ ሰውን ግን ጠንቅቆ ያውቃል። በኋላ የስካርሌትን እህት ያገባል፤ ከጦርነቱ በፊት እንዲህ ዓይነት ጋብቻ በዚያ ቤት የማይታሰብ ነበር። ሚቼል በዚህ ሰው በኩል የምትነግረን የፈረሰውን ቤት መልሶ የሚያቆመው ትናንት ደጅ ላይ የቆመው ሰው መሆኑን ነው። ፊልሙ ስለ ጌቶቹ ብቻ ስለሚጨነቅ ለዊል ቦታ አላገኘለትም። እኔ ብሆን ከግብዣዎቹ አንዱን ቆርጬ ዊልን አስቀር ነበር።

የታራን ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በመጽሐፉ የስካርሌት አባት ጄራልድ ኦሃራ ከአየርላንድ ባዶ እጁን የመጣ ስደተኛ ነው፤ መሬቱን ያገኘው ቁማር ተጫውቶ ነው። ቤቱም ያለ ንድፍ፣ ክፍል በክፍል ላይ እየተቀጠለ የተሠራ ነው። «ጥንታዊ ባላባትነት» የተባለው ነገር የአንድ ትውልድ ዕድሜ እንኳ በቅጡ እንደሌለው ሚቼል በግልጽ ትናገራለች፤ ሰሜን ጆርጂያ ብዙም ያልቆየ የሰፋሪዎች አገር እንደነበረ ታውቃለች። ፊልሙ ግን ሲከፈት፣ ከመጽሐፉ ያልተወሰደ ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ እያለፈ ስለ ጌቶችና ስለ እመቤቶች፣ ስለጠፋ የውበት ዓለም ያወራል፤ ሙዚቃው ይነሣል፤ ሰማዩ ቀይ ይሆናል። ያ ቁማር የት ሄደ? እኔ ይህ ዝላይ ለማሳጠር ብቻ የተደረገ አይመስለኝም። አንድ ሥርዓት በእንባ እንዲለቀስለት ሲፈለግ፣ እንዴት እንደተገኘ ባይነሣ ይሻላል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ባሪያ አሳዳሪዎች ለጠፋባቸው ዓለም የሚያዝን መጽሐፍ ነው። ይህን ሳንሸፋፍን መናገር አለብን። ሚቼል ስለ ጥቁሮች የጻፈቻቸው አንዳንድ ገጾች ለማንበብ ያሳምማሉ። ከጦርነቱ በኋላ የስካርሌት ሁለተኛ ባል ፍራንክ ኬኔዲ፣ እንዲሁም የምታፈቅረው አሽሌ ዊልክስ ጥቁሮችን በሽብር ያሳድድ የነበረው የኩ ክላክስ ክላን አባላት ናቸው፤ ተራኪዋም ትከራከርላቸዋለች። ስካርሌት መንገድ ላይ ጥቃት ሲደርስባት ሌሊት ተሰባስበው ለበቀል ይወጣሉ፤ ፍራንክ ይገደላል፣ አሽሌ ይቆስላል።

ፊልሙ ሲዘጋጅ የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦችና ማኅበራት ለሰልዝኒክ ተቃውሟቸውን አሰምተዋል። ሰልዝኒክ ሰማ። በመጽሐፉ ጥቁሮች የሚጠሩበትን ስድብ ከስክሪፕቱ አወጣ፤ የክላንን ስም ጨርሶ ሰረዘ። ወንዶቹ በዚያ ሌሊት ወደ «ፖለቲካ ስብሰባ» እንደሄዱ ብቻ ይነገረናል። ስድቡ መውጣቱ ተገቢ ነበረ። የክላን ስም መሰረዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መጽሐፉን ያላነበበ ተመልካች በዚያ ሌሊት ምን እንደተደረገ አያውቅም። ሴቶቹ መብራት ዙሪያ ተቀምጠው በጭንቀት ሲጠብቁ ያያል፤ ኋላ የስካርሌት ሦስተኛ ባል የሚሆነው ሬት በትለር በብልሃቱ ወታደሮቹን ሲያታልል ያያል፤ ልቡ ከእነሱ ጋር ይሆናል። ሰው ለመግደል ጭንብል አጥልቀው የወጡ ሰዎች በሰላም እንዲመለሱ ሳያውቀው ይመኛል።

እዚህ ላይ መጽሐፉ ከፊልሙ ይልቅ ሐቀኛ ነው የምለው ብዙ ሰዎችን ያስገርማል። መጽሐፉ መርዙን በስሙ ይጠራዋል፤ አንባቢ ይደነግጣል፣ መጽሐፉን ይዘጋል፣ ከደራሲዋ ጋር ይከራከራል። ፊልሙ መርዙን ሳያወጣ ስሙን ብቻ ስለፋቀ የሚከራከሩበት ነገር አያገኙም። አንድን ክፉ ነገር ከታሪክ መሰረዝና ክፉነቱን ማሳየት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። እዚህ የተሠራው የመጀመሪያው ነው።

ሆኖም ፊልሙ መጽሐፉ ያልነበረውን አንድ ታላቅ ነገር ሰጥቶናል፤ እሱም የሃቲ ማክዳንኤል ፊት ነው። ማክዳንኤል የተወለደችው በባርነት ውስጥ ከተወለዱ ወላጆች ነው። በፊልሙ የተሰጣት ማሚ የተባለችው የቤት ባሪያ ሚና ነው። በመጽሐፉ ማሚን የምናያት በጌቶቿ ዓይን ብቻ ነው። በፊልሙ ግን ካሜራው ወደ ማክዳንኤል ሲዞር ሌላ ሰው ይመጣል። የምትታዘዝ ትመስላለች፤ ዓይኖቿ ግን ይፈርዳሉ። ቦኒ ከሞተች በኋላ ከአሽሌ ሚስት ከሜላኒ ጋር ደረጃውን እየወጣች፣ በቤቱ የደረሰውን እያለቀሰች ስትናገር ተመልከቱ። ያን ደረጃ ሲወጡ ጌታና ባሪያ የለም፤ ሁለት ሐዘንተኛ ሴቶች አሉ። በመጽሐፉ ይህ ንግግር በሜላኒ ቤት ነው የሚደረገው፤ ወደ ደረጃው መዛወሩ ከፊልሙ ታላላቅ ውሳኔዎች አንዱ ነው።

ታኅሣሥ አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ፊልሙ በአትላንታ ሲመረቅ ማክዳንኤል አልተገኘችም፤ የጆርጂያ የዘር መለያየት ሕግ ጥቁር ተዋንያን ከነጮቹ ጋር እንዲቀመጡ አይፈቅድም ነበር። በዋዜማው በተደረገው የነጮች የዳንስ ግብዣ ላይ የኤቤንዘር ቤተ ክርስቲያን መዘምራን እንደ ባሪያ ለብሰው ዘመሩ። ከመዘምራኑ አንዱ የ10 ዓመቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበረ። የካቲት 29 ቀን፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ማክዳንኤል የኦስካር ሽልማት የተቀበለች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች። በዚያ ሌሊት የተቀመጠችው ከፊልሙ ባልደረቦቿ ጋር ሳይሆን በግድግዳው ጥግ፣ ለብቻ በተዘጋጀ ጠረጴዛ ነው። ማልኮም ኤክስ ደግሞ በልጅነቱ ሚሺጋን ውስጥ ፊልሙን ሲያይ፣ በአዳራሹ ብቸኛው ጥቁር እሱ እንደነበረና ፕሪሲ የተባለችውን አገልጋይ ሲያይ እንዴት እንዳፈረ በሕይወት ታሪኩ ተርኳል። አንድ ፊልም ለአንዱ ድንቅ መዝናኛ፣ ለሌላው ኀፍረት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ የአሜሪካ የፊልም ማሰራጫ ፊልሙን ለጊዜው አንሥቶ፣ የታሪክ ማብራሪያ ከፊቱ ጨምሮ መለሰው። ትክክለኛው መንገድ ይህ ይመስለኛል፤ ይታይ፣ ግን ታውቆ ይታይ።

እኛም በዚህ ጉዳይ ከሩቅ ፈራጆች መሆን አንችልም። በአገራችን ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ የወጣው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ፊልሙ ከተመረቀ ከሁለት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ በኋላ ማለት ነው። የማሚን ፊት በስክሪን ላይ ያየ ኢትዮጵያዊ፣ በእኛ የቆዩ ታሪኮች ውስጥ ውኃ የሚቀዱት፣ እህል የሚፈጩት፣ ስማቸው እንኳ የማይጠራው ሰዎች ምን ያስቡ እንደነበር ቢጠይቅ ደስ ይለኛል።

ፊልም መጽሐፍን የሚበልጥበት ቦታ እንዳለም መናገር አለብኝ። ስካርሌት ሐኪም ፍለጋ ወደ አትላንታ ባቡር ጣቢያ ትሄዳለች። በመጽሐፉ ቁስለኞቹ በጠራራ ፀሐይ መሬት ላይ ተዘርግተው፣ ዝንቡና ሽታው፣ ጩኸቱ ተገልጾ እናነባለን። ገለጻው ጠንካራ ነው። በፊልሙ ግን ካሜራው ከስካርሌት ፊት ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ቁስለኞቹ እየበዙ፣ እየበዙ ይሄዳሉ፤ እሷ ታንሳለች፤ በመጨረሻም የተቦጫጨቀ የደቡቦች ሰንደቅ ዓላማ ከፊት ብቅ ይላል። አንዲት ቃል አይነገርም። ስለ ጦርነት ከንቱነት በዚያ አንድ ምስል የተባለውን ያህል በጽሑፍ ለማለት ብዙ ገጽ ይጠይቃል፤ ያም ሆኖ የዚያን ያህል ላይመታ ይችላል። ምስሉን የሞሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችና በመካከላቸው የተጋደሙ አሻንጉሊቶች መሆናቸውን ባውቅም፣ ባየሁት ቁጥር ያስደነግጠኛል።

ሁለተኛ ምሳሌ በአጭሩ ላንሣ፤ የሃርፐር ሊ «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ»። እሱም ከአሜሪካ ደቡብ፣ ከአላባማ፣ በሴት የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ታትሞ በዓመቱ ፑሊትዘርን አገኘ፤ በ1962 ፊልም ሆነ። ያላጠፋውን ጥፋት ተከስሶ ለሚፈረድበት ጥቁር ሰው ለቶም ሮቢንሰን የሚሟገተው ነጭ ጠበቃ አቲከስ ፊንች ነው፤ ታሪኩን የምትነግረን ልጁ ስካውት ናት። አቲከስን የተጫወተው ግሪጎሪ ፔክ ነው፤ ሃርፐር ሊ ትወናውን ከመውደዷ የተነሣ የአባቷን የኪስ ሰዓት ሰጠችው። እኔም ፊልሙን እወደዋለሁ። ነገር ግን እዚህም ፊልሙ የዘለለው ገጽ አለ። በመጽሐፉ የቤት ሠራተኛዋ ካልፐርንያ ልጆቹን እሑድ ቀን ወደ ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ትወስዳቸዋለች። አንዲት ሴት ነጭ ልጆች ወደዚህ ለምን መጡ ብላ ትቆጣለች። የመዝሙር መጽሐፍ ስለሌለ አንዱ ስንኝ በስንኝ እያወጣ ምእመናኑ ይከተሉታል። ለቶም ሮቢንሰን ሚስት ገንዘብ ሲሰበሰብ በቂ እስኪሞላ ቄሱ በሩን አስዘግቶ ይጠብቃል። ካልፐርንያም በነጮቹ ቤት የምትናገረውና በወገኖቿ መካከል የምትናገረው እንግሊዝኛ የተለያየ መሆኑን ስካውት ለመጀመሪያ ጊዜ ታስተውላለች።

በመጽሐፉ ውስጥ ጥቁሮች በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው ሕግ ሲኖሩ የምናየው በዋናነት በዚህ ምዕራፍ ነው። ፊልሙ ትቶታል። በዚህ ምክንያት የፊልሙ ጥቁሮች ባብዛኛው በፍርድ ቤቱ ሰገነት ላይ ዝም ብለው የሚቆሙ፣ አቲከስ ሲያልፍ በአክብሮት የሚነሡ ሰዎች ናቸው። የፊልሙ ልብ ወደ ነጩ ጠበቃ ደግነት ዞረ። በሁለቱ ፊልሞች መካከል ከ20 ዓመት በላይ ልዩነት አለ፤ በአንደኛው ውስጥ ክፋት፣ በሌላው ውስጥ ቅንነት አለ፤ ሁለቱም ግን ሲያሳጥሩ ለማን ቦታ እንደነፈጉ ስታዩ መልሱ አንድ ነው።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ ታላቁን ልብ ወለዳችንን ለብዙ ሕዝብ ያደረሰው ሬዲዮ ነው። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሟል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ግን ማንበብ የማይችለው ሁሉ ሰማው። የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣ፣ የጉዱ ካሣ ብስጭት፣ የበዛብህ ጭንቀት በአንድ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ተለያይተው ወጡ። ድምፅ ከምስል የሚለይበት ትልቅ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ወጋየሁ ሰብለ ወንጌልን ሲተርክልን ፊቷን ለእኛው ተወልን። ለዚህ ነው በየቤቱ የምትኖረው ሰብለ የተለያየችው። ይህን ሥራ ወደ ምስል የሚያመጣ ማንኛውም ባለሙያ ከዚያ ሁሉ ሰብለ ጋር ነው የሚወዳደረው፤ ከባድ ነው፣ ግን የሚሞከር ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምነዋለሁ። መጽሐፉ የገበሬውን ብሶትና የባላባቱን ጭካኔ ከፍቅሩ ጋር አጣምሮ ነው የጻፈው። ጊዜ አጠረ ተብሎ ፍቅሩ ብቻ እንዳይቀር።

ወላጆችና መምህራን ለሆናችሁ የምለው አለኝ። ልጆቻችሁ መጀመሪያ ፊልሙን ቢያዩ አትቆጡ፤ ዘመኑ ነው። መጽሐፉን ግን ከዚያ በኋላ ስጧቸው፤ «ፊልሙ ውስጥ የሌለ ሰው ፈልገህ አምጣልኝ» በሉት፣ «ፈልገሽ አምጪልኝ» በሏት። ዌድን ያገኙታል፤ ዊል ቤንቲንን ያገኙታል፤ የካልፐርንያን ቤተ ክርስቲያን ያገኛሉ። ለምን እንደተተዉ እንዲጠይቁ አድርጓቸው፤ መልሱንም ቸኩላችሁ አትስጧቸው። በየሰፈሩ የንባብ ክበብ ያላችሁ ወጣቶች ደግሞ ለሚቀጥለው ወር አንድ መጽሐፍና ከእሱ የተሠራ አንድ ፊልም ምረጡ። መጽሐፉን ጨርሳችሁ ፊልሙን አብራችሁ እዩ፤ ከዚያ ፊልሙ ስለዘለለው ገጽ ተወያዩ።